ከወርቁ በኋላ ብሩ ወዴት ይሄዳል?

ወርቅ ከሚወጣበት ካምፕ አጠገብ ምግብ ቤት የከፈተች አንዲት ሴት እንዳለች እናስብ። ካምፑ ከመምጣቱ በፊት በቀን ሃያ እንጀራ ብትጋግር ይበቃት ነበር፤ ዛሬ ሰማንያውም ያልቅባታል። ጤፉን የምትገዛው ከጎረቤቷ ገበሬ ነው። ሽንኩርቱ ግን ከሌላ ዞን በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። እንጨት የሚያመጣላት ባለ አህያ ዋጋ ጨምሮባታል። ሊጥ የምታቦካላት ልጅም "ካምፕ ገብቼ ልብስ ባጥብ ይሻለኛል" ብላ ደሞዟን አስጨምራለች። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ የዱቤ ደብተር አለ። የሾፌሩ፣ የጥበቃው፣ የቆፋሪው ስም በተርታ ተጽፎበታል፤ ደሞዝ ሲወጣ ይሰረዛል፣ በማግስቱ እንደገና ይጻፋል።

ጤፉን የሚሸጥላት ገበሬ ዘንድ ብንሄድ ደግሞ ወሬው ይለወጣል። እህሉ ዋጋ አውጥቶለታል፣ አይክድም። ግን ለአረምና ለአጨዳ የሚቀጥረው ሰው ጠፍቶበታል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ወርቅ ፍለጋ ወርዷል። ከብቶቹን የሚያጠጣበት ወንዝም ከላይ ሲታጠብበት እየዋለ ደፍርሶ ነው የሚደርሰው።

ታዲያ ማዕድኑ ጠቀመ ወይስ ጎዳ? ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። በዜና የምንሰማው "ይህን ያህል ቶን ተመረተ፣ ይህን ያህል ዶላር ተገኘ" የሚል ቁጥር ግን ስለ ሁለቱም ምንም አይነግረንም። ያ ቁጥር የማዕድን ዘርፉን የራሱን ቁመት ይለካል። ጥላው በግብርናው፣ በንግዱ፣ በፋብሪካውና በትራንስፖርቱ ላይ እንዴት እንዳረፈ ለማወቅ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ኢኮኖሚስቶች ለዚህ የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ያየውን ሌላው አያየውም።

መቶ ብሩን እንከተለው

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንጀምር። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ከራሴ ያመጣኋቸው ናቸው። አንድ ኩባንያ የ100 ብር ወርቅ ሸጠ እንበል። ከዚህ ውስጥ 40 ብሩ ለነዳጅ፣ ለሳያናይድ፣ ለፈንጂና ለማሽን መለዋወጫ ወጣ፤ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ገንዘቡ ተመልሶ ከአገር ይወጣል። 10 ብሩ ለአገር ውስጥ አቅራቢዎች ተከፈለ፦ ለጭነት፣ ለምግብ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለጥበቃ። 12 ብሩ ደሞዝ ሆነ። 13 ብሩ በሮያሊቲና በግብር መንግሥት ካዝና ገባ። የቀረው 25 ብር የባለሀብቱ ትርፍ ነው፤ አዲስ አበባ ሕንፃ ሊሠራበት ይችላል፣ ውጭ አገር ያለ ባለ አክሲዮን አካውንትም ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስሕተት ይፈጠራል። ብዙ ሰው "ማዕድኑ ለኢኮኖሚው 100 ብር ጨመረ" ይላል። በአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ላይ የሚደመረው ግን ኩባንያው ራሱ የጨመረው እሴት ብቻ ነው። ከሌሎች የገዛውን 50 ብር ስንቀንስ ደሞዙ፣ ግብሩና ትርፉ ይቀራሉ፤ እነሱም 50 ብር ይሆናሉ። ሌሎች ዘርፎችን በቀጥታ የነካው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፦ የአቅራቢዎቹ 10 ብርና ሠራተኞቹ ከ12 ብር ደሞዛቸው ላይ ገበያ ወጥተው ያጠፉት።

ይህን ክር ለአንድ ኩባንያ ሳይሆን ለአገር በሙሉ መከተል ሲያስፈልግ ዋሲሊ ሊዮንቲፍ ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ይመጣል። ሩሲያ ያደገውና ኋላ ሃርቫርድ ያስተማረው ይህ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀመረው ሥራ በ1973 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። የግብዓትና ውጤት ሰንጠረዥ ይባላል። ሐሳቡ የሱቅ ሒሳብ ያህል ቀላል ነው። የአገሪቱን ዘርፎች በሙሉ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከጎን ትጽፋቸዋለህ። የማዕድንን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ስታነብ ማዕድን ከማን ምን እንደገዛ ታያለህ። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ስታነብ ደግሞ ማዕድን ለማን እንደሸጠ ታገኛለህ። ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያውን የወደኋላ ትስስር፣ ሁለተኛውን የወደፊት ትስስር አለው። የማዕድን ሥራ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ደካማ ስለሚሆን ከአገሩ ኢኮኖሚ ተነጥሎ እንደ ደሴት ይቆማል ሲልም አስጠንቅቋል።

በዚህ ዓይን የእኛን አገር ማዕድናት ካየን ደረጃቸው ይገለባበጣል። ወርቅ ረድፉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከጌጣጌጥ ሠሪዎች በቀር አገር ውስጥ ግብዓት አድርጎ የሚጠቀምበት የለም፣ ተጠቅልሎ ይወጣል። የወሎው የወገል ጤና ኦፓልም ብዙው በጥሬው ሕንድ ሄዶ ጃይፑር ላይ ይቆረጣል፤ የመቁረጡ ሥራና ክፍያ እዚያው ይቀራል። በአንጻሩ ማንም "ማዕድን" ብሎ የማያስበው የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ ይሆናል፣ ሲሚንቶው ሕንፃ፣ ግድብና ድልድይ ይሆናል። የአፍዴራ ጨው ወጥ ብቻ አያጣፍጥም፤ ቆዳ ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት እንዳይበሰብስ የሚታሸውም በጨው ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የወርቅን ያህል ባያወሩለትም ዘርፍን ከዘርፍ የሚያስተሳስረው የኖራ ድንጋይ ነው።

የወደፊት ትስስር በራሱ አይመጣም፤ ድርድር ይጠይቃል። ቦትስዋና አልማዝ ማውጣት ከጀመረች ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የአልማዝ ኩባንያው ዲ ቢርስ ጥሬ አልማዝ የሚለይበትንና የሚሸጥበትን ሥራ ከለንደን ወደ ዋና ከተማዋ ጋቦሮኔ ያዛወረው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ገዢዎቹ ግን የሆቴል አልጋ፣ ታክሲና ባንክ የሚፈልጉት ጋቦሮኔ ላይ ሆነ።

የማባዣው ነገር

ከሰንጠረዡ የሚወጣውና በየብሮሹሩ የሚጠቀሰው ቁጥር ማባዣ ይባላል። አሠራሩ ይህ ነው። ምግብ ቤቷ ከሾፌሩ አንድ ብር ተቀበለች። ከዚያች ብር 40 ሳንቲሙን እዚያው አካባቢ ላለ ሰው ከፈለች እንበል። ያ ሰው ደግሞ ከ40 ሳንቲሙ 16ቱን እዚያው አጠፋ፤ ቀጣዩ 6.4 ሳንቲም፤ እንዲህ እያለ እስኪሟጠጥ ይሄዳል። ሁሉም ሲደመር አንዷ ብር 1.67 ገደማ ትሆናለች። ከብሯ ውስጥ 15 ሳንቲም ብቻ እዚያው የምትቀር ከሆነ ግን ድምሩ 1.18 ላይ ይቆማል። ወሳኙ የመጀመሪያው ብር ብዛት ሳይሆን በየዙሩ የሚያፈስሰው ቀዳዳ ነው። ሽንኩርቱ በአይሱዙ ከሩቅ ከመጣ ያ ቀዳዳ ነው። ዘይቱ ከውጭ ከገባ ያም ቀዳዳ ነው።

"አንድ የማዕድን ሥራ ሌሎች አምስት ሥራዎችን ይፈጥራል" የሚል ብሮሹር ባየሁ ቁጥር ሁለት ነገር መጠየቅ ይቀናኛል። አንደኛ፣ አምስቱ የት ያሉ ናቸው? የአገር አቀፍ ማባዣ ከወረዳው ማባዣ ሁልጊዜ ይበልጣል፤ አዲስ አበባ የተከፈተ የሒሳብ ሥራ ለወረዳው ነዋሪ ምኑም አይደለም። ሁለተኛ፣ እነዚያ አምስት ሰዎች ማዕድኑ ባይመጣ ምን ይሠሩ ነበር? ሰንጠረዡ ሁሉም ሥራ ፈት ሆነው ሲጠብቁ እንደነበር ይቆጥራል። ሊጥ የምታቦካው ልጅ ካምፕ ገብታ ልብስ ብታጥብ አንድ ሥራ "ተፈጠረ" ይላል፤ አንድ ሊጥ አቡኪ መጥፋቱን ግን አይቆጥርም። ዋጋም በእሱ ዘንድ አይነቃነቅም። ጤፍ ቢወደድ፣ ኪራይ ቢንር፣ የቀን ሠራተኛ ቢጠፋ ሰንጠረዡ ፊቱን አይቀይርም። ለዚህ ሲባል ዋጋና ደሞዝ እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅዱ ትልልቅ ሞዴሎች ተሠርተዋል፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ግምት ስለሚጠይቁ ውጤታቸው በሠሪው እጅ ላይ ይወድቃል።

በዶላር በኩል የሚመጣው

ሰንጠረዡ የማያየው ሌላም ነገር አለ፤ ለእንደኛ ዓይነት አገር ትልቁም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ማዕድን በኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት ውስጥ ያለው ድርሻ ለብዙ ዓመታት አንድ በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነበር። በዚህ ሚዛን ከታየ ቢቀርም አይጎዳም ያሰኛል። ነገር ግን ወርቅ ዶላር ነው። ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ፣ የፋብሪካው መለዋወጫ የሚገባው በዶላር ነው። ወርቅ ታይቶ የማያውቅበት አካባቢ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ከጉጂው የሻኪሶ ወርቅ ጋር የሚገናኘው በዩሪያው ከረጢት በኩል ነው። ይህን ትስስር የማዕድን ዓምድም ረድፍም ላይ ብትፈልግ አታገኘውም።

በዚሁ በዶላሩ መንገድ ላይ ቁጥር እንዴት እንደሚያሳስት በቅርቡ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በቀጣዩ የ2017 በጀት ዓመት ለብሔራዊ ባንክ የቀረበው ወርቅ ከጥቂት ቶኖች ተነሥቶ ከ30 ቶን በላይ ሆነ፤ ገቢውም ከ3 ቢሊዮን ዶላር በልጦ ቡናን ቀደመ። ታዲያ በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ ማለት ነው? አይደለም። የዓለም የወርቅ ዋጋ ጨምሯል፤ ከሁሉም በላይ ግን ቀድሞ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገር የነበረው ወርቅ የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ ሲቀራረብ ወደ ሕጋዊው መንገድ ገባ። ባህላዊ አምራቹ ከዚያ በፊትም ይቆፍር ነበር፣ እንጀራም ይገዛ ነበር። ስለዚህ በወርቅ አካባቢዎች ባሉ ሱቆች ላይ የደረሰው ለውጥ የኤክስፖርቱን አኃዝ ያህል ሊዘል አይችልም። የተለወጠው ዶላሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በፊት በኮንትሮባንድ ዕቃ ተለውጦ ይገባ የነበረው አሁን በባንክ በኩል ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ "ምርት ይህን ያህል እጥፍ አደገ" ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላም ጎን አለው። ብሔራዊ ባንክ ወርቁን ሲገዛ የሚከፍለው አዲስ ወደ ገበያ የሚገባ ብር ነው። በሌላ መንገድ ካልተሰበሰበ ዋጋ ላይ ጫና ያመጣል። ያን ጊዜ ወርቁ ወርቅ አይቶ የማያውቀውን የከተማ ተከራይም ነካው ማለት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ሌሎች ዘርፎችን የሚያደቅበት መንገድ ስም ወጥቶለታል። ኔዘርላንድስ በግሮኒንገን እ.ኤ.አ. በ1959 ትልቅ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘች። የጋዙ ገቢ ገንዘቧን አጠነከረው፤ የፋብሪካ ዕቃዎቿ በውጭ ገበያ ዋጋቸው ናረ፣ ሥራ ቀነሰ። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት በ1977 "የሆላንድ በሽታ" አለው። በሽታው በሁለት በር ይገባል። አንዱ የምንዛሪው ነው፦ የአገር ገንዘብ ሲጠነክር ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ያንሳል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ብር የሄደው ወደ ተቃራኒው ስለሆነ ይህ በር ለጊዜው እንደተዘጋ ይቆጠር። ሁለተኛው በር ግን መንደር ውስጥ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ጉልበት ወደ ጉድጓዱ ሲሳብ የአጨዳው ሰው ይጠፋል። ያ ገበሬ የሆላንድን ስም ሰምቶ አያውቅም፤ በሽታውን ግን ያውቀዋል።

ቅርብና ሩቅ፣ በፊትና በኋላ

እስካሁን ያየናቸው መንገዶች ከቢሮ ሆነው የሚሰሉ ናቸው። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ግን ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ አዘውትረዋል፤ እኔም የበለጠ የማምነው እሱን ነው። ከማዕድኑ ቅርብ ያሉ ቤተሰቦችን ሩቅ ካሉት ጋር፣ ማዕድኑ ከመስፋፋቱ በፊትና በኋላ ታነጻጽራለህ። የቅርቦቹ ኑሮ ቢለወጥ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ዝናብ ጥሩ ሆኖ ሊሆን ይችላል። የሩቆቹም በዚያው ልክ ከተለወጠ ማዕድኑን ማመስገንም መውቀስም አይቻልም። ትርጉም ያለው የቅርቦቹ ለውጥ ከሩቆቹ የሚበልጥበት ወይም የሚያንስበት ልክ ነው።

ፈርናንዶ አራጎንና ሁዋን ፓብሎ ሩድ በዚህ ዘዴ ሁለት ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስተምራል። የመጀመሪያው በፔሩ ሰሜናዊ ተራሮች ካሃማርካ አጠገብ ስላለው የያናኮቻ ወርቅ ማውጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ማዕድኑ ለአካባቢው ግዢና ደሞዝ የሚያወጣው ገንዘብ በ10 በመቶ ሲጨምር የከተማዋና የዙሪያዋ ነዋሪ ገቢ፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለትም፣ በ1.7 በመቶ ያድግ ነበር። ማዕድን ያልሠሩትም ተጠቅመዋል። ውጤቱ ከከተማዋ እየራቁ ሲሄዱ ይቀንሳል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ አይታይም። ልብ የሚባለው ጊዜው ነው። ማዕድኑ ሥራ የጀመረው በ1993 ሲሆን ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ኩባንያው ከአካባቢው መግዛትና መቅጠር ካበዛበት ከ2000 አካባቢ ወዲህ ነው። ወርቁ ቀድሞም ይወጣ ነበር። የተለወጠው ግዢው ነው።

ሁለተኛው ሥራ በጋና ወርቅ አካባቢዎች ያሉ ገበሬዎችን ይመለከታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከማዕድኖቹ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ምርታማነት ከ1997 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ሩቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ተመራማሪዎቹ እዚህ አላቆሙም። ምናልባት ሰዉ እርሻውን ትቶ ወርቅ ገብቶ ይሆን ብለው መሬትና ጉልበት መቀነሱን ፈተሹ፤ መውረዱን የሚያስረዳ ለውጥ አላገኙም። ከዚያ በሳተላይት የተለካውን የአየር ብክለት ሲመለከቱ ማዕድኖቹ አጠገብ ከፍ ብሎ አገኙት። ያው መሬት፣ ያው ሰው፣ ያነሰ እህል። በብሔራዊው የሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ኪሳራ "ማዕድን" በሚል አይመዘገብም። "የግብርና ምርት ቀነሰ" ተብሎ ያልፋል፤ አንባቢውም ዝናቡን ይወቅሳል።

ሁለቱ ጥናቶች የለኩት አንድ ነገር ስላልሆነ አይጣሉም። በፔሩ የተለካው በገበያ በኩል የመጣው ነው፤ በጋና የተለካው በብክለት በኩል የመጣው። ጤፍ ሻጩ ገበሬያችን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊቀበል ይችላል፦ የተሻለ ዋጋ፣ ያነሰ ኩንታል። አንዱን ብቻ የለካ ሰው ግማሽ እውነት ይዞ ይሄዳል፤ የትኛውን ግማሽ እንደሚይዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ጥናቱን ያዘዘው ነው።

ያው ዘዴ ሴቶችንም ለይቶ አይቷል። አንድሪያስ ኮትሳዳምና አንያ ቶሎነን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ማዕድን ሲከፈት ሴቶች ከእርሻ ወጥተው ወደ ንግድና አገልግሎት፣ ወንዶች ደግሞ ወደ ሙያዊ የጉልበት ሥራ እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ምግብ ቤቷን ያየንበት ሥዕል ማለት ነው። ማዕድኑ ሲዘጋ ግን የአገልግሎት ሥራው ይሟጠጣል፤ ሴቶቹም ወደ እርሻቸው እንደ ድሮው አይመለሱም። መከፈቱና መዘጋቱ የሚያመጡት ለውጥ እኩል ስላልሆነ ማዕድን በሥራ ላይ እያለ ብቻ የተደረገ ልኬት ሒሳቡን ሳይጨርስ ተነሣ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ዘዴ ድካሙ አንድ ነው፤ "በፊት" የተመዘገበ ነገር ይፈልጋል። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ባለው የለገደንቢ ወርቅ ላይ ክርክሩ የጋለው ማዕድኑ ሥራ ከጀመረ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ነዋሪው በጤናና በአካባቢ ጉዳት ላይ ካነሣው ተቃውሞ በኋላ መንግሥት ፈቃዱን አገደ። እንዲህ ዓይነት ክርክር በተነሣ ቁጥር የወንዙ ውሃ፣ የጥጃው ሞት፣ የማሳው ምርት ከሃያ ዓመት በፊት እንዴት እንደነበር የሚጠየቁት ሽማግሌዎች ይሆናሉ። የሽማግሌ ቃል ክቡር ነው፤ ግን በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደነበር አይናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2025 በዝግጅትና በግንባታ ላይ የነበሩ ሥራዎች አሉ፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ኩርሙክ፣ ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ቱሉ ካፒ። ከፈቃድ በፊት የሚደረገው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በአብዛኛው ዓይኑ መሬቱና ውሃው ላይ ነው። ከእሱ ጎን መያዝ ያለባቸው ጥቂት ነገሮች ርካሽ ናቸው፦ በገበያ ቀን የጤፍና የማሽላ ዋጋ፣ የአንድ ቀን የአረም ሠራተኛ ክፍያ፣ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ፣ ከየማሳው የሚገኘው ኩንታል፤ ካምፑ ሥር ካሉ ቀበሌዎች፣ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉትም። አንድ ደብተርና በየሳምንቱ ገበያ የሚወጣ አንድ ሰው ይበቃል። ሰውየው መውጣት ያለበት ግን የመጀመሪያው ወርቅ ከመቅለጡ በፊት ነው።